ሰንበትን ስለ ማክበርና ስለ ዕረፍት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በሰንበቴ ጽዋ ላይና በሥራ ቦታ ስለ ዕረፍት ቀን ወሬ ሲነሣ ደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች እዚህ ተሰብስበዋል። መልሶቹን የጻፍኩት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆኜ ነው። የሌላ እምነት ተከታይም ሆነ ዕረፍትን ከሃይማኖት ውጭ የሚፈልግ ሰው የሚጠቅመውን ያገኝበታል ብዬ አምናለሁ።

ሰንበት ቅዳሜ ነው ወይስ እሑድ?

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱም ናቸው። ቅዳሜ ቀዳሚት ሰንበት፣ እሑድ ሰንበተ ክርስቲያን ትባላለች። የመጀመሪያዋ እግዚአብሔር ከፍጥረት ሥራው ያረፈባት፣ ሁለተኛዋ ክርስቶስ ከሙታን የተነሣባት ናት።

ዛሬ ይህን እንደ ቀላል ነገር እንናገረዋለን እንጂ አባቶች የተሰደዱበትና የታሰሩበት ጉዳይ ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው በማስተማራቸው ከሌሎች ገዳማትና ከእስክንድርያ ከሚላኩት ጳጳሳት ጋር ሳይስማሙ ቀሩ። አገራቸውን ትተው በግብፅና በኢየሩሳሌም በኩል እስከ አርመን ሄዱ፤ በ1352 (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው) እዚያው ዐረፉ። ደቀ መዛሙርቶቻቸው ለብዙ ዓመታት ተገፍተው ኖሩ። ከእነርሱ አንዱ የሆኑት የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ ታስረው ቆይተው በ1404 ዐፄ ዳዊት አስፈቷቸው፤ ማኅበሩም ቅዳሜን እንዲያከብር ተፈቀደለት። ነገሩ የተቋጨው ግን በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሸዋ፣ ተጉለት ውስጥ በደብረ ምጥማቅ በጠሩት ጉባኤ ነው። አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል በተገኙበት ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ።

ቤተ እስራኤላውያን ቅዳሜን ብቻ ያከብራሉ፤ የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስቶችም እንዲሁ። ካቶሊኮችና አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች እሑድን ይይዛሉ። ለሙስሊሞች ጁምዓ የጋራ ሶላት ቀን ነው፤ ጥሪው ሲሰማ ንግድ ይቆማል፣ ከሶላቱ በኋላ ግን ወደ ሥራ መመለስ ይፈቀዳል።

ከስንት ሰዓት ይጀምራል?

እንደ ቤተ ክርስቲያን ቆጠራ ቀን የሚገባው ከዋዜማው ምሽት ነው። ቀዳሚት ሰንበት ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ እሑድም ቅዳሜ ምሽት ይገባሉ። ይህ ለዛሬ ኑሮም ትልቅ ጥቅም አለው። ዕረፍቱን ከምሽቱ የጀመረ ሰው ሳይመሽበት እራቱን በልቶ ይተኛል፤ ጠዋት ለቅዳሴ ሲነሣም አይከብደውም። ቅዳሜን እስከ እኩለ ሌሊት በሥራና በስልክ አሳልፎ እሑድን ማክበር የሚፈልግ ሰው ቀኑን በእንቅልፍ ዕዳ ነው የሚጀምረው።

በሰንበት የተከለከለው ሥራ የቱ ነው?

በግእዝ ብቻ ሙሉውን ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ኩፋሌ በመጨረሻው ምዕራፉ ረጅም ዝርዝር አለው፤ ማረስ፣ እሳት ማንደድ፣ በእንስሳ ወይም በመርከብ መጓዝ፣ መዋጋት፣ እንዲያውም መጾም ጭምር ይከለክላል። ቤተ እስራኤላውያን በጎንደርና በሰሜን ተራሮች ሲኖሩ ይህን ጥንቃቄ ጠብቀው ነበር። ምግቡ ዓርብ ተሠርቶ ያልቃል፣ እሳቱ ይጠፋል፣ ቅዳሜ ቀዝቃዛ ይበላል፤ ቄሱም ዳቦውን ባርከው ያካፍላሉ። ትእዛዘ ሰንበት የተባለው የግእዝ መጽሐፋቸው ሰንበትን እንደ ሴት፣ እንደ ንግሥት አድርጎ ያወድሳታል።

የእኛ አባቶች ሌላ መንገድ ያዙ። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫቸው፣ ቅዳሜን የምናከብረው ውኃ ባለመቅዳትና እሳት ባለማንደድ፣ ወጥ ባለመሥራትና እንጀራ ባለመጋገር አይደለም፤ ቅዳሴ በመቀደስና በፍቅር ማዕድ በመሰብሰብ ነው ብለው አስረዱ። በገጠር የምናየው ልማድ ከዚህ ጋር ይስማማል። ገበሬው ቅዳሜና እሑድ በሬ አይጠምድም፣ እንጨት አይፈልጥም፣ እህል አይፈጭም። ውኃ መቅዳትና ማዕድ ማቅረብ ግን አይቀርም።

ስለዚህ እኔ ሲጠይቁኝ የምመልሰው እንዲህ ነው። ለኑሮ ገቢ የምንሠራውን ሥራና ሳምንቱን ሙሉ ልናደርሰው ስንችል ያስተላለፍነውን ሥራ እናቆማለን። የታመመ ማስታመም፣ ከብት ማጠጣት፣ የተራበ ማብላት አይከለከልም። ወንጌሉም በጉድጓድ የወደቀ በሬን በሰንበት ማውጣትን ያነሣል፤ ሰንበት ስለ ሰው ተፈጥሮአል እንጂ ሰው ስለ ሰንበት አልተፈጠረም ተብሎም ተጽፏል።

ሰንበት የጾም ቀን ነው?

አይደለም። በዐቢይ ጾም እንኳን ቅዳሜና እሑድ ከሥጋና ከወተት እንጂ ከእህል ውኃ አይከለከሉም፤ በእነዚህ ቀናት ስግደትም የለም። ከዓመቱ ቅዳሜዎች ሁሉ በእህል ውኃ የምትጾመው የትንሣኤ ዋዜማ፣ ቀዳም ስዑር ብቻ ናት። ሰንበትን በራስ ላይ ጭካኔ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ይህን ልብ ቢሉ ደስ ይለኛል።

እሑድ በቤታችን ሥራ የሚበዛበት ቀን ሆኗል። እንዴት ነው የምናርፈው?

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የሚያርፈው ማን ነው የሚለው ነው። በብዙ የከተማ ቤት አባትና ልጆች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ማዕዱ ቀርቦ ይጠብቃቸዋል። እናትየዋና የቤት ሠራተኛዋ ግን ገና ሳይነጋ ተነሥተው ሽንኩርት ያቁላላሉ፣ ዶሮ ይገነጥላሉ፣ ያጥባሉ። ከምሳ በኋላ ቡናው አለ፣ ከቡናው በኋላ ዕቃው አለ፣ ማታ ደግሞ የልጆቹ የትምህርት ቤት ልብስ ይታጠባል። ቤተሰቡ ሰንበትን አከበርን ሲል እነዚህ ሁለት ሴቶች ከሳምንቱ ሁሉ የከበደውን ቀን ውለዋል።

ትእዛዙን ደግሞ እናንብበው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 ማረፍ ያለባቸውን ሲዘረዝር ልጆችን፣ ሎሌን፣ ገረድን፣ በሬን፣ አህያን፣ በደጅ ያለውን መጻተኛ ይጠራል፤ ምክንያቱንም ሎሌህና ገረድህ እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ ነው ይላል። አንተም በግብፅ አገር ባሪያ እንደ ነበርህ አስብ ብሎ ይጨምራል። በአራተኛው መቶ ዘመን በሶርያ አካባቢ የተጠናቀረ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍም በሐዋርያቱ በጴጥሮስና በጳውሎስ ስም ሲናገር፣ አገልጋዮች አምስት ቀን ይሥሩ፣ ቅዳሜና እሑድ ግን ለትምህርት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ ብሎ ያዝዛል። ስለ ሰንበት ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ይህ ቃል ከመድረክ ሲነሣ የሰማሁት ግን እምብዛም ነው። ሰንበትን በሌላ ሰው ድካም ማክበር አይቻልም። በዚህ ጉዳይ ላይ አልደራደርም።

በተግባር ምን ይደረግ? እንጀራው ሐሙስ ወይም ዓርብ ይጋገር። ወጡ ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ረፋድ ላይ ይሠራ፤ ዶሮ ወጥ ሲያድር ጣዕሙ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ዓርብ ጾም ነው፣ ጨው እንዴት ይቀመሳል የሚሉ አሉ፤ በጥቂቱ ጨምሮ ሲቀርብ ማስተካከል ይቻላል። እሑድ ልብስ አይታጠብ። ከምሳ በኋላ ዕቃውን አባትና ወንዶች ልጆች ይጠቡት። እሑድ እንግዳ የሚጠራ ሰው ከመጥራቱ በፊት ምግብ የሚሠራውን ሰው ይጠይቅ። ሽሮ ወይም ያደረ ወጥ በልቶ አብሮ መቀመጥ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የአገራችን ሕግ ስለ ሳምንት ዕረፍት ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። በየሰባቱ ቀን ውስጥ ከ24 ተከታታይ ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት ይሰጣል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ይህ ዕረፍት እሑድ ላይ ይውላል፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ያለውንም ጊዜ ያካትታል። እንደ ሆስፒታል፣ ትራንስፖርትና ሆቴል ባሉ አገልግሎቶች ሌላ ቀን ሊተካ ይችላል። በሳምንት የዕረፍት ቀን ለተሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ ክፍያው የመደበኛው ሰዓት ሁለት እጥፍ ነው።

የሚያሳዝነው፣ አዋጁ የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም። የእነርሱ ጉዳይ በሌላ ደንብ ይወሰናል ተብሎ ተትቷል። ሕጉ ያላስገደደውን የየቤቱ ባለቤት በራሱ ሕሊና መፈጸም አለበት ማለት ነው።

ሥራዬ በፈረቃ ነው፤ እሑድ ተረኛ እሆናለሁ። ሰንበትን እየሻርኩ ነው?

ነርስ፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የመብራት ኃይል ተረኛ እሑድ ሲሠሩ ሌላው ሰው በሰላም እንዲያርፍ እያደረጉ ነው፤ ሕሊናዎን አያስጨንቁ። ግን ሁለት ነገር ያድርጉ። ከተረኝነቱ በፊት ወይም በኋላ በአጥቢያዎ የሚያስቀድሱበትን ሰዓት ይፈልጉ፤ በሌሊት የሚቀደስባቸው አድባራት አሉ፣ በቀዳሚት ሰንበትም ይቀደሳል። ከዚያም በሳምንቱ ውስጥ ሌላ ሙሉ ቀን ይዘው ለቤተሰብዎ ያሳውቁ። ያ ቀን ለባንክ ጉዳይ፣ ለመኪና ጥገናና ለቀበሌ ወረፋ መዋያ እንዳይሆን ይጠብቁት፤ በፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች ዕረፍት ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው።

በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ አካባቢ ቅዳሜ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዱ አድረው በቀጥታ ወደ ቅዳሴ የሚሄዱ ወንድሞች አሉ። ትጋታቸውን አከብራለሁ። ግን እንቅልፍ እየጣለው መሪ የሚይዝ ሰው ለራሱም ለመንገደኛውም አደጋ ነው፤ ከሌሊቱ ሥራ ጥቂት ሰዓት ቀንሶ ተኝቶ መምጣት ከቅዳሴው አይቆጠርም የሚል ካለ ተሳስቷል።

ነጋዴ ነኝ። እሑድ ብዘጋ ደንበኛዬ ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

እውነት ነው፣ የሚጎድል ነገር ሊኖር ይችላል፤ ምንም አይጎድልብዎትም ብዬ አላታልልዎትም። ነቢዩ አሞጽ ስንዴውን እንከፍት ዘንድ ሰንበት መቼ ያልፋል እያሉ የሚቸኩሉ፣ በሐሰተኛ ሚዛን የሚሸጡ ነጋዴዎችን ሲወቅስ፣ ቸኩለው የሚሸጡትና ድኻውን የሚበድሉት አንድ ሰዎች መሆናቸውን ያሳየናል። በምድረ በዳም መናው በስድስተኛው ቀን እጥፍ ይለቀም ነበር፤ በሱቅ ይህ ማለት ደንበኛው የሚፈልገውን ቅዳሜ እንዲወስድ አስቀድሞ መንገርና በሩ ላይ መለጠፍ ነው።

ብቻውን ለሚዘጋ ሰው ከባድ የሆነው በስምምነት ሲሆን ይቀላል። በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሸቀጣ ሸቀጥ ቤቶች በተራ ቢከፍቱ፣ ሰፈሩ አይቸገርም፤ እያንዳንዱም ባለሱቅ ከወሩ አብዛኛውን እሑድ ያርፋል። በጀርመን የእሑድ ዕረፍት በሕገ መንግሥት የተጠበቀ በመሆኑ አብዛኛው መደብር በአንድነት ይዘጋል። ወደ ፍራንክፈርት የሄደ ሐበሻ የመጀመሪያውን እሑድ ግራ ይገባዋል፤ ከዚያ ቅዳሜ ገዝቶ ማስቀመጥን ይለምዳል፣ ማንም ነጋዴ ደንበኛውን በሌላው አይነጠቅም።

እሑዴ በለቅሶ፣ በሠርግ፣ በእድርና በማኅበር ያልቃል። ይህ ዕረፍት ነው?

ለቅሶ መድረስና የታመመ መጠየቅ ለሰንበት የሚገባ ሥራ ነው፤ እርሱን አይቀንሱ። ሠርግና ምርቃት ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ እሑድ ሦስት ድግስ ላይ ታይቶ፣ በየትኛውም ሳይቀመጡ፣ በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ውሎ ማምሸት ማንንም አያከብርም። አንዱን ይምረጡ፤ ለሌሎቹ በሳምንቱ ቀን ቤታቸው ሄደው እንኳን ደስ ያላችሁ ይበሉ። የእድር ስብሰባ ደግሞ ሰዓት ይኑረው። ሊቀመንበሩ በጊዜ ጀምሮ በጊዜ ቢጨርስ የስንቱን ሰው እሑድ ያድን ነበር!

በዚህ ረገድ አባቶቻችን የተዉልን ጥሩ ነገር ሰንበቴ ነው። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ አባላቱ ይሰበሰባሉ፤ ተረኛው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፣ ካህኑ ይባርካል፣ ነዳያን ይበላሉ፣ የቀረ ሰው ካለ ታሞ ይሆን ተብሎ ይጠየቃል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተጠናቆ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል። ወጪውም ድካሙም በተራ ስለሚዞር ማንም አይጎብጥም። አሁን በአንዳንድ ቦታ ሰንበቴው ራሱ የድግስ ፉክክር እየሆነ ነው፤ ወደ ዳቦውና ወደ ጠላው ቢመለስ ይሻላል።

ስልኬን ምን ላድርገው?

ቅዳሜ ምሽት የሥራ መልእክት የሚገባባቸውን የቴሌግራም ቡድኖች ድምፅ ይዝጉ። አለቃ ከሆኑ እሑድ ምንም አይላኩ፤ ሰኞ ይደርሳል ብለው ቢጽፉም የበታችዎ እሑድን በሐሳብ ይውላል። ለእናት፣ ለአባት፣ ለራቀ ዘመድ መደወል የሰንበት ደስታ ስለሆነ ስልኩን ጨርሶ ማጥፋት አያስፈልግም።

ዓረብ አገር በሰው ቤት እሠራለሁ። የዕረፍት ቀን የለኝም።

ይህን ጥያቄ ስሰማ ልቤ ይደማል። መጀመሪያ መብትዎን ይወቁ። በ2011 (በአውሮፓውያን) የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 ለቤት ሠራተኞች በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይደነግጋል። ኩዌት በ2015 ባወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን አለ፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሕግም ከክፍያ ጋር ሳምንታዊ ዕረፍት ይሰጣል። የሥራ ውልዎ ላይ ይህ መጻፉን ከመፈረምዎ በፊት ያረጋግጡ፤ የውሉን ቅጂ በስልክ ፎቶ አንሥተው ለቤተሰብ ይላኩ።

የዕረፍት ቀን ቢፈቀድ ዓርብ ሊሆን ይችላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ምእመኑ የሚፈታው ያን ቀን ስለሆነ ዋናውን ጸሎት ዓርብ ያደርጋሉ። ቅር አይበልዎት። ፈጽሞ መውጣት ለማይፈቀድላቸው እህቶች ደግሞ በሌሊት በራሳቸው ክፍል የሚያደርሷት አጭር ጸሎት በእግዚአብሔር ፊት ሙሉ ሰንበት ናት ብዬ አምናለሁ። ይህ ግን አሠሪውን ከበደል ነፃ አያደርገውም።

ሃይማኖተኛ አይደለሁም። ለምን አንድ ቀን? ሲደክመኝ ባርፍ አይበቃም?

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 በጋራ ያወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በአንጎል ደም መፍሰስ ወይም መርጋት የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው በ17 በመቶ እንደሚጨምር ገልጿል። ሲደክመኝ አርፋለሁ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ድካሙን የሚያውቀው ከዘገየ በኋላ ነው።

ቀኑ የጋራ መሆኑም ትርጉም አለው። ሶቪየት ኅብረት በ1929 ፋብሪካዎች እንዳይቆሙ ብላ ሠራተኛውን በአምስት ቡድን ከፍላ ለእያንዳንዱ የተለያየ የዕረፍት ቀን ሰጠች። ዕረፍቱ በቁጥር ጨመረ፤ ነገር ግን ባል ሲያርፍ ሚስት ትሠራለች፣ ጓደኛ ከጓደኛው አይገናኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ የጋራ የዕረፍት ቀን ተመለሰ፤ በ1940 ደግሞ የሰባት ቀኑ ሳምንትና እሑድ ተመለሱ።

ልጆቻችን ቅዳሜም እሑድም ማጠናከሪያ ትምህርት አላቸው።

ከሁለቱ አንዱን ቀን ይተዉላቸው። የቤት ሥራውን ዓርብ ማታና ቅዳሜ ይጨርሱ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ይጫወቱ። የፈተና ሰሞን ይለያል፣ ግን ዓመቱን ሙሉ የፈተና ሰሞን አይደለም።

የቤት ሠራተኛችን እሑድ ውጪ ስንላት ቤት መዋል እመርጣለሁ ትላለች። ታዲያ ትሥራ?

ምክንያቷን በእርጋታ ይጠይቋት። ከገጠር የመጣች ልጅ በከተማው ዘመድ ላይኖራት ይችላል፤ የታክሲ ገንዘብ ላይኖራት ይችላል፤ ወይም ከወጣች ደመወዟ የሚቀነስ መስሏት ይሆናል። ደመወዟ እንደማይነካ በግልጽ ይንገሯት፤ ለመጓጓዣና ለሻይ የሚሆን ይስጧት። በአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት ከእኩዮቿ ጋር ያስተዋውቋት፣ ወይም የሌላ እምነት ተከታይ ከሆነች ወደ ራሷ የጸሎት ቦታ የምትሄድበትን መንገድ ይጠይቁላት። የማታ ትምህርት የምትማር ከሆነ እሑድ የማጥኛዋ ቀን ይሁን።

ቤት ለመዋል ከመረጠችም መብቷ ነው። ግን ቤት የዋለች ሴት ዕረፍት ላይ መሆኗን ቤተሰቡ ሁሉ፣ ትንንሾቹ ልጆች ጭምር፣ ማወቅ አለባቸው። በሯን ዘግታ ትተኛ፣ ፀጉሯን ትሠራ፣ ለእናቷ ትደውል። ውኃ የጠማው ልጅ ተነሥቶ ራሱ ይቅዳ፤ ቡናውን የዚያን ዕለት ሌላ ሰው ያፍላ፣ ሲደርስም እርሷን ጠርቶ አብራ እንድትጠጣ ያስቀምጣት።